አሳርፊው

ሾፌሩ ሳጥኗን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ።

ሰዓት ሠሪዋ ይኼን ስታይ ገረማት። ይኼ ሰውዬ ዕቃ ሲያወርድ እየወረወረ ነው። ጎማ ይሁን ጠርሙስ ለእሱ አንድ ነው። ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሳሳው?

«ምን ይዘህ መጣህ?» አለችው፣ ካቻቢቴዋን ከእጇ ሳታስቀምጥ።

«በሽተኛ።»

«ያቃስታል?»

«ሲነኩት ብቻ።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ሾፌሩ በሩን በእግሩ ገፍቶ ዘጋና ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ፣ ከምድጃው አጠገብ አኖራት።

ከመስኮቱ ማዶ ሃንጋሩ ይታያል። ውስጡ ከሚያበሯቸው ሰዎች ጋር አብረው ያረጁ አውሮፕላኖች ቆመዋል። ጦሩ አይጥላቸውም፣ በወጉም አይጠግናቸውም። ተራራ ላይ ላሉት ወታደሮች ስንቅ ያመላልስባቸዋል። በብርዱ ወራት መሣሪያቸው ሁሉ ይቀውሳል። የዘይቱ መለኪያ ይተኛል፣ የፍጥነቱ መርፌ ቆማ ትቀራለች፣ የአድማሱ መሣሪያ እንደ ሰካራም ይጋደማል። ሰዓት ሠሪዋ የተቀጠረችው ለዚህ ነው። ሰዓት እጠግን ነበር ብላ ገባች። እውነትም ትጠግን ነበር። ስሟን ልጠይቅ ያለ አልተገኘም። ሰዓት ሠሪዋ አሏት፣ በዚያው ጸና።

ከተራራው ማዶ፣ በራሷ አገር፣ አንድ ቢሮ ውስጥ ግን ሌላ ስም አላት። መርፌ። ስሙን ያወጣላት ለዚህ ሥራ የላካት ሰው ነው። እሱ ራሱ አጎት ይባላል። የሥጋ ዘመዷ አይደለም። ነገር ግን ከመንገድ አንሥቶ ሰው ያደረጋት እሱ ነው። «ልጄ» ሲላት አባት ያገኘች ይመስላታል።

«ቃል አለኝ» አለ ሾፌሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከአጎት ነው።»

«ተናገራ።»

«‹ዕቃው ዛሬ ይነሣል። አሳርፊው።›»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አሳርፊው። ምኑ ይጠየቃል? አውሮፕላን ይነሣል፣ አውሮፕላን ያርፋል። እሷም መሣሪያ ተቆጣጣሪ ተብላ አብራ ትሳፈራለች። ሲያቅዱት የከረሙት ይኼንኑ ነው።

ዕቃው ሰው ነበር። በዚህ ወገን ባለው የስልክ ማዞሪያ ቤት የሚሠራ ስልከኛ። ይህ ሰው ከተራራው ማዶ እየተደወለ አንድ ድምፅ ሲሰማ ኖሯል። ድምፁ የገዛ ወገኖቹን አንድ በአንድ ይሸጣል። ዳቦ ሻጩ ተያዘ። አስተማሪዋ ተያዘች። ልብስ አጣቢው ከነሚስቱ ተወሰደ። ስልከኛው የሻጩን ስም አያውቅም፣ ፊቱንም አላየም። ድምፁን ግን ከሺህ ድምፅ መሐል ይለየዋል። ጆሮው ከተራራው ማዶ በሰላም ከደረሰ ሻጩ ይታወቃል። ካልደረሰ የቀሩት ተለቅመው ያልቃሉ። ሰዓት ሠሪዋም ጭምር።

አሁን ስልከኛው አውሮፕላኑ ውስጥ ነው። ድንች ተብሎ በተጻፈበት ሳጥን ውስጥ ተኮማትሮ ይንቀጠቀጣል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ፍተሻ አለ። ሳጥን ሁሉ ይከፈታል።

«ደግሞ አውሮፕላኑ ላይ ይኼን ስከኪበት ብሏል» አለ ሾፌሩ፣ ሳጥኗን እየከፈተ።

ከፍታ መለኪያ ነው። መስተዋቱ የጠራ፣ ቁጥሮቹ ያልደበዘዙ። ሰዓት ሠሪዋ የጎማ ቱቦዋን ከጀርባው ሰካችና ጫፉን በከንፈሯ ይዛ ቀስ አድርጋ ሳበች። አየሩ ሲሳሳ መሣሪያው ወደ ላይ የወጣ ይመስለዋል። መርፌዋ ሽቅብ ሄደች። ለቀቀችው፣ ወረደች። ቆንጆ።

«ውጭ ላስበርደው» አለች።

«ለምን?»

«የኔ መሣሪያ ብርድ ሳይቀምስ አይሰካም። ምድጃ ሥር ሁሉም ጎበዝ ነው።»

«እትዬ፣ ጊዜ የለም። ስከኪውና እንገላገል።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለአውሮፕላን አሳቢ የሆንከው?»

ሾፌሩ ሳቀ። ዓይኑ አልሳቀም። ከአውሮፕላኑ ትናንት የተፈታውን አሮጌውን ከፍታ መለኪያ ከጠረጴዛው አነሣ። «ይኼን አጎት ይፈልገዋል» አለ። ወደ ኪሱ ሊያስገባው ሲል ከእጁ አመለጠ። ሲሚንቶው ላይ ተከሰከሰ።

«ወይኔ እጄን! ብርዱ እኮ ነው!»

ሰዓት ሠሪዋ ስብርባሪውን አየች። ከዚያ እሱን አየችው። ያቺን ሳጥን እንደ ሕፃን ያቀፈው እጅ ይኼው ነው።



አዲሱን መሣሪያ ይዛ ወጣች። ሾፌሩ ከኋላዋ ተከተላት። ብርዱ ፊት ይግጣል፣ አፍንጫ ውስጥ ያለው ፀጉር ሳይቀር ይደርቃል። ሌላ ሰው ቢሆን መሣሪያውን ደረቱ ውስጥ ይደብቀው ነበር። እሷ ግን ለነፋሱ ገልጣ፣ ከራሷ አርቃ ያዘችው። ማስበረድ ካልፈቀዱላት መንገዱ ያስበርድላታል።

አብራሪው ጋቢናው ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ደመና ይሏቸዋል። ሽበታም ናቸው፣ ቀልደኛ ናቸው፣ በሱፍ የተሰፋ አሮጌ ጓንት ከእጃቸው አይለይም። ስልከኛውን በስውር የማሻገሩን ሥራ የተቀበሉት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። እህታቸው ከተራራው ማዶ ትኖራለች። ድንበሩ ከተዘጋ ወዲህ አላዩዋትም።

«መጣሽልኝ የኔ እመቤት?» አሉ። «ያንን ውሸታም ተክተሽ ምን አመጣሽልኝ?»

«ገና አላውቅም፣ ጋሼ።»

ጎበጥ ብላ ቱቦዋን ሰካች። ሳበች።

መርፌዋ አልተነቃነቀችም።

እንደገና ሳበች። ምንም። በጥፍሯ መስተዋቱን ኳ አደረገችው። መርፌዋ እንደ ደነገጠች ድመት ዘለለችና እዚያው ደርቃ ቀረች።

ሰዓት ሠሪዋ የጀርባውን ክዳን ፈታች። የጥርሶቹ መጋጠሚያ ላይ ቢጫ ግራሶ አለ። የመኪና ኩሽኔታ የሚቀባበት ወፍራሙ ግራሶ። ምድጃ ሥር ይላላል፣ ብርድ ሲነካው ሙጫ ይሆናል። የማያውቅ ሰው ያደረገው ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ነገር ያጨማልቀው ነበር። ይኼ ግን በክብሪት እንጨት ጫፍ፣ ልክ ቦታው ላይ፣ በጥንቃቄ የተቀመጠ ነው።

ያን ጊዜ ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ተገለበጠ።

አሳርፊው።

አጎት ይችን ቃል አንድ ጊዜ ከዚህ በፊት ልኮባት ነበር። በአንድ የወደብ ከተማ፣ ስለ አንድ የደከመ ሰው። ሰውዬውን ቤት ፈልጋ፣ አልጋ አንጥፋ አሳረፈችው። በማግሥቱ ሌላ ሰው መጥቶ አልጋው ላይ ገደለው። «አሳርፊው ነበር ያልኩሽ» አለ አጎት፣ እየሳቀ። «ምን መስሎሽ ነው?» ያን ጊዜ ስህተቱ የራሷ መስሏት ነበር። ሞኝ! ቃሉን የመረጠው ሁለት አፍ ስላለው ነው። ከተሳካ ገደልኩ ይላል። ከተያዘ አውሮፕላኑን በሰላም አሳርፊው ነው ያልኩት ይላል።

ዳቦ ሻጩ። አስተማሪዋ። ልብስ አጣቢው ከነሚስቱ።

የሻጩ ድምፅ የማን እንደሆነ ገባት። 

«እትዬ!» አለ ሾፌሩ ከታች። «አልቋል?»

ክዳኑን መለሰች። መሣሪያውን ቀዳዳው ውስጥ ከተተችና ዳዶዎቹን አጠበቀች። ሾፌሩ በመሰላሉ ወጥቶ አንገቱን በበሩ አስገባ። ሰሌዳውን አየ። ከፍታ መለኪያው ቦታው ላይ ነው።

«ጎበዝ» አለ። «በይ ውረጂ። አንቺ አትሄጂም። አጎት ሌላ ሥራ አለሽ ብሏል።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከዛሬ ወዲህ።»

ብትወርድ ትተርፋለች። አጎት ሊያተርፋት አስቦላታል ማለት ነው። ይኼኛው ነው ይበልጥ ያንገበገባት። አትብረሩ ብትል ከቀትር በኋላ ሳጥኑ ይከፈታል። ዎርክሾፕ ሄዳ በቤንዚን ልጠበው ብትል ይኼ አንገተ ረጅም አይለቃትም።

«እሺ፣ ይችን አንድ ዳዶ ላጥብቅና» አለች።

ሾፌሩ መሰላሉን መውረድ ጀመረ።

እግሩ መሬት ሲነካ በሩን ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ያስነሡ!»

«ምን ሆነሻል?»

«መንገድ ላይ ልንገርዎ! ይነሡ ብቻ!»

ጋሽ ደመና ጠያቂ ሰው አልነበሩም። ሞተሩ ሳለ፣ ተነጫነጨ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሣ። ሁለተኛው ተከተለው። አውሮፕላኑ በበረዶው ላይ እየተንገጫገጨ ወጣ። ሾፌሩ ከጎኑ ይሮጣል፣ ይጮሃል። እጁን ኮቱ ውስጥ ከተተ።

ሽጉጥ።

አንድ ጊዜ ተኮሰ። ሁለት ጊዜ። የጋቢናው የጎን መስተዋት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጠቀ።

«ምንድን ነው?» አለች ሰዓት ሠሪዋ ወለሉ ላይ ተደፍታ።

«ጠጠር ነው» አሉ ጋሽ ደመና። «ጎማው ያነሣው ጠጠር።»

በመስኮት ስታይ ዘበኞቹ ሾፌሩ ላይ ተከምረዋል። ፊቱን በረዶው ውስጥ ደፍተውታል። እሱ ዛሬ ለአጎት ስልክ አይደውልም። ይኼ አንዱ በጎ ነገር ነው። ሌላ በጎ ነገር አልነበረም።

ተነሡ።

ከበረዶው ሜዳ ላይ ወዲያው ደመና ውስጥ ገቡ። በመስኮት የሚታይ የለም። ነጭ ብቻ። ሰዓት ሠሪዋ ነገሩን ሁሉ በጥቂት ቃል ነገረቻቸው።

«ላይ ሲደርስ ይደርቃል፣ ጋሼ። ከዚያ ብንወርድም ወርደናል አይልም። ከፍ ብለናል እያለን ድንጋይ ላይ ይሰቅለናል።»

«ደግ አባቱ ይሙት» አሉ ጋሽ ደመና። «የሠራውን ሰው ማለቴ ነው።»

«እንመለስ?»

«ወዴት? ወደዚያ ባለ ሽጉጥ?»

ከፊታቸው ጉሮሮ አለ። አብራሪዎች እንዲህ ይሉታል። በሁለት ጫፎች መሐል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ሌላ መንገድ የለም። የጉሮሮው ድንጋይ ዘጠኝ ሺህ ተኩል ጫማ ላይ ነው። መርፌዋ እየተንዘገዘገች፣ እየዘለለች፣ አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ደረሰች።

እዚያው ቆመች።

ሰዓት ሠሪዋ ስልከኛውን ከሳጥኑ አወጣችው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ፀጉሩ ላይ አፈር አለ።

«ደረስን?» አለ።

«ገና ነን።»

«እኔ ስልክ ብቻ ነው የማውቀው፣ እቴ። እዚህ ላይ ‹ሃሎ› የሚባለው ለማን ነው?»

«ለፈጣሪህ። ይችን ባትሪ ያዝና አብራልኝ።»

ከሰሌዳው ሥር ተጋደመች። መሣሪያውን ማውጣት አለባት። ዳዶዎቹ ትንንሽ ናቸው። ጓንት አይዛቸውም። ጓንቷን በጥርሷ ሳበችና ጣለችው። ብረቱን ስትነካ ቆዳዋ ተጣበቀ። ስትስበው ተላጠ።

«መርፌዋ አሥራ ሁለት ሺህ ትላለች» አሉ ጋሽ ደመና። «አልተነቃነቀችም። ክንፉ ግን በረዶ ይዟል። ከብዷል።»

«ወይኔ ጆሮዬ» አለ ስልከኛው።

«ምን ሆነ?»

«ተደፈነ። ስንነሣ ጧ ጧ እያለ ሲከፈት ነበር። አሁን ተደፈነብኝ።»

ሰዓት ሠሪዋ እጇ ቆመ።

ሲወጡ ጆሮ ይከፈታል። ሲወርዱ ይደፈናል።

«እየወረድን ነው!» ጮኸች። «ጋሼ፣ እየወረድን ነው! ይጎትቱት!»

ጋሽ ደመና መሪውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። አቃሰቱ። ሰዓት ሠሪዋ ማቃሰታቸውን ሰማች፣ ከክብደቱ መስሏት ዝም አለች። የመጨረሻው ዳዶ አልለቅ አለ። ጣቶቿ እንጨት ሆነዋል። መፍቻው ወደቀ። ስልከኛው በአራት እግሩ ሄዶ አመጣላት። ሁለቱንም እጆቿን በአፉ እየተነፈሰ አሞቀላት። የማያውቃት ሰው፣ እንደ እናቱ እጅ።

ዳዶው ለቀቀ።

ቱቦውን ነቅላ መሣሪያውን አወጣች። በዘመናዊው አውሮፕላን ይኼ አይሠራም። ይኼ አሮጌ ግን እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው። ውጭ ያለው አየር ውስጥም አለ። ከፍታ መለኪያው የትም ቢሆን አየሩን ያነባል። ሙቀት ብቻ ነው የጎደለው። ሙቀት ያለው አንድ ቦታ ነው።

ቱታዋን ፈታች። ሸሚዟን ከፈተች። የቀዘቀዘውን ብረት ሆዷ ላይ አስቀመጠችና በላዩ ላይ ተኮማተረች።

ጮኸች። የሰማት የለም፣ ሞተሩ ይበልጣል።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ ስልከኛው።

«ጡት እያጠባሁ። ዞር በል!»

ጠበቀች። ብረቱ ሙቀቷን ጠጣ፣ ጠጣ፣ አልጠገበም። በሸሚዟ መክፈቻ አየች። አሥራ ሁለት ሺህ። በጥፍሯ ኳ አደረገች። አሥራ ሁለት ሺህ። ኳ። ኳ።

መርፌዋ ተንቀጠቀጠች።

ወረደች።

«አሥራ አንድ ሺህ!» ብላ ጮኸች። «አሥር ሺህ ተኩል! አሥር!»

«እውነተኛው ስንት ይሆናል?» አሉ።

ጋሽ ደመና ሥራቸውን ያውቃሉ። በብርድ አየሩ ይጠብባል፣ ከፍታ መለኪያ ሁሉ ይጎርራል። ካሉበት በላይ ያወራል። በዚያ ላይ ጋቢና ውስጥ ሲሆን ትንሽ ጨምሮ ይዋሻል።

«አንድ ሺህ ይቀንሱ!»

ዘጠኝ ሺህ ማለት ነው። ከድንጋዩ በታች።

«አራግፉ!» አሉ ጋሽ ደመና። ድምፃቸው ቀጥኖ ነበር። «ያለውን ሁሉ!»

ስልከኛው የጭነቱን በር ከፈተ። ነፋሱ ሊወስደው ደረሰ። ድንቹ ሄደ። ብርድ ልብሱ ሄደ። የወታደሩ ጫማ ሄደ። እራሱ የተሸሸገበትን ሳጥን ሲገፋ «ቻው፣ የኔ ቤት» አለ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ። ሰዓት ሠሪዋ ሆዷን እንዳቀፈች ታነባለች።

«አሥር። አሥርና ትንሽ። አሥር ተኩል። ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ!»

«ትንሽ የለኝም፣ ልጄ።»

«አለዎት! ይጎትቱት!»

«አሥር ተኩል አልሽ?»

«ተኩል። ስድስት መቶ። ሰባት መቶ!»

ደመናው ለቅጽበት ተቀደደ። ጥቁር ድንጋይ ከጎማው ሥር፣ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚነካው በሚመስል ቅርበት አለፈ። ስልከኛው ዓይኑን ጨፈነ። ሰዓት ሠሪዋ አልጨፈነችም። ዓይኗ መርፌዋ ላይ ነው።

ከዚያ መሬቱ ከሥራቸው ሸሸ።

ጉሮሮውን አለፉ።

ከማዶ በኩል ደመናው ሳስቷል። ሜዳ ታየ። የራሳቸው ወገን ሜዳ። ጋሽ ደመና አውሮፕላኑን እንደ ብርጭቆ ዕቃ አስቀመጡት። ምንም አልነጠረም። ዳር ይዘው አቆሙ። ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ አጠፉ፣ እንደ ደንቡ፣ አንዱንም ሳይዘሉ። ሞተሩ ዝም ሲል ጸጥታው ጆሮ ያማል።

ሰዓት ሠሪዋ ከወለሉ ተነሣች። የጣቶቿ ጫፍ ነጭ ሆኗል። የሰው ጣት አይመስልም። አያማትም። እንደማያማት ስታውቅ ያበቃላቸው መሆኑን አወቀች። በነዚያ ጣቶች ነበር ከፀጉር የቀጠነውን የምትይዘው።

«እጅሽን አምጪ» አሉ ጋሽ ደመና። ጓንታቸውን አወለቁና በዝግታ አጠለቁላት። አንዱን። ቀጥሎ ሌላውን።

«አሁን ልበሻቸው። ሥራ አልቋል።»

«ጋሼ፣ እርስዎስ?»

«አሳረፍኩልሽ አይደል?» አሉና ፈገግ አሉ።

ከወንበራቸው ሥር የሚንጠባጠበውን ያየችው ያን ጊዜ ነው። ኮታቸውን ገለጠች። ጎናቸው ላይ ያለው ቀዳዳ ትንሽ ነበር። ጠጠር ነው ብለዋት ነበር። ያን ሁሉ መንገድ ጠጠሩን ይዘው መጡ።

«ጋሼ?»

ዓይናቸው መስተዋቱ ላይ ነበር። ከሜዳው ማዶ የሚታየው ከተማ ላይ። እህታቸው ያለችበት።

በጓንቱ ጀርባ ዓይናቸውን ከደነችላቸው።

የሜዳው አዛዥ ደረቅ ሰው ነበር። እጇን አይቶ ሐኪም ልጥራ አለ። እሷ ስልክ አለች።

«መጀመሪያ ሐኪም።»

«መጀመሪያ ስልክ ነው ያልኩህ። አንተ ደግሞ ሁለተኛውን ማዳመጫ ያዝ። አንድ ቃል እንዳትተነፍስ።»

ስልከኛው ገመዶቹን አንድ ሁለት አደረገ። ጥሪው ከዚያ ወገን፣ ከጠላት ማዞሪያ እንደመጣ ሆኖ እንዲሰማ አደረገው። «ይኼንንማ ዓይኔን ጨፍኜ ነው» አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራት ፊቱ ላይ ታየ። ከዚያ ጆሮውን ከእሷ ማዳመጫ ጋር አጣበቀ።

ጠራ። ተነሣ።

«አጎቴ፣ እኔ ነኝ።»

«ልጄ!» ድምፁ ሞቃት ነው፣ እንደ ወትሮው። «ደህና ነሽ? ዕቃው እንዴት ሆነ?»

 መንገድ ሁሉ ያሰበችው ይኼን አንድ ቃል ነው። ሁለት አፍ ያለውን የራሱን ቃል።

«አርፏል።»

 በመስመሩ ላይ የእሱ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። በልቧ አንድ ነገር ለመነች። በል፣ እሰይ በል። አውሮፕላኑ አረፈ፣ ሰውዬው ደረሰ ብለህ ተደሰት። አንድ ጊዜ እኔ ልሳሳት።

«ነፍስ ይማር» አለ አጎት።

ስልከኛው ፊቱ ዐመድ ሆነ። ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ነው» አለ በከንፈሩ ብቻ። «እሱ ነው።»

«አንቺ ግን ብርዱ አልጎዳሽም?» አለ አጎት። ከልቡ ነው የጠየቀው። ያሳሰበው መሆኑ ነው ሆድ የሚያቃጥለው።

«አጎቴ» አለች ሰዓት ሠሪዋ። «አውሮፕላን ሲያርፍ ነፍስ ይማር ይባላል እንዴ?»



አዛዡ ማዳመጫውን አስቀምጦ ወደ ሌላው ስልክ ሄደ። የአጎት ቢሮ ከመምሸቱ በፊት ተከበበ። ዳቦ ሻጩን የሚመልሰው ግን የለም። አስተማሪዋንም። የቀሩት ብቻ ቀሩ።

ሐኪሙ የቻለውን አደረገ። የጣቶቿን ጫፎች ወሰደ። አዛዡ ሜዳሊያ የሚባል ነገር አነሣ። «ለጋሽ ደመና ስጥ» አለችው። ወረቀት ላይ መርፌ የምትባል ሰው ተራራው ላይ ከአውሮፕላኑ ጋር ጠፋች ተብሎ ተጻፈ። እንዲህ ነው ሥራው። የቆሰለም የዳነም ተደምስሶ ይወጣል።

ሰዓት ሠሪዋ ያንን ከተማ ከመልቀቋ በፊት አንድ በር አንኳኳች።

የከፈተችላት ልብስ ሰፊ ናት። ትከሻዋ ላይ የሜትር ገመድ፣ ከንፈሯ ላይ መርፌ። ዓይኗ የወንድሟን ዓይን ወስዷል።

«ማን ልበል?»

«መንገደኛ ነኝ፣ እታለም።»

ሴትዮዋ የእንግዳዋን እጅ አየች። ጓንቱን አየች። መርፌውን ከከንፈሯ አነሣች።

«ይኼ የኔ ስፌት ነው!» አለች። «አውራ ጣቱ ጋ ያጣመምኩትን አውቀዋለሁ። ስንት ዘመን ሳቀብኝ በዚህ። ወንድሜን የት አገኘሽው? መጣ? ደረሰ ወይ?»

ሰዓት ሠሪዋ ሌላ ቃል ፈለገች። አንድም አልመጣላትም።

«አርፏል» አለች።

«የት?» ሴትዮዋ ፊቷ እንደ መብራት በራ። «የላይኛው ሜዳ? ምነው ሰው አይልክም! ይኼ ሰውዬ እንደ ልጅነቱ ሊያስደነግጠኝ ነው። ቆዪ፣ ጫማዬን... ኮቴ የት ሄደ? አብረን እንሂድ፣ መንገዱን ታሳዪኛለሽ።»

ጫማዋን አጠለቀች። ኮቷ ውስጥ አንድ እጇን አስገባች። ሰዓት ሠሪዋ ከደጃፉ አልተነቃነቀችም።

ሴትዮዋ ቀና አለች። የእንግዳዋን ፊት አየች። ረዥም ጊዜ አየችው።

ሁለተኛውን እጅ አላስገባችም።

ቀስ ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ኮቱ ከትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ።

«አርፏል ነው ያልሽኝ» አለች።

«አዎ።»

«ሳይሠቃይ?»

«እየቀለደ።»

«እሱ መቼስ።» ሴትዮዋ ዓይኗን በሜትሩ ገመድ ጠረገች። አልቅሳ አልጮኸችም። «አንቺስ ማን ነሽ?» አለች።

«ማንም አይደለሁም።»

ሰዓት ሠሪዋ ጓንቱን ልታወልቅ ጀመረች። ፋሻው ታየ። ሴትዮዋ ተነሥታ እጇን ያዘቻት፣ ጓንቱን መልሳ ወደ ላይ ሳበችው፣ የተጣመመውን አውራ ጣት አስተካከለች።

«ተይው። ብርድ ነው» አለች። «ልበሽው።»

ሰዓት ሠሪዋ ወጣች። መንገዱ በሰው ተሞልቷል። ሁሉም አንገቱን ቀብሮ፣ እጁን ሸፍኖ ይሄዳል። ጥግ ላይ አንድ ሰውዬ የቆመች የእጅ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል፣ ያራግፋል፣ መልሶ ያዳምጣል። አይታው አለፈች። መጠገን አትችልም። መስተዋቱን ኳ አድርገው ልትለው ግን ምላሷ ላይ ደረሰ፣ ዋጠችው።

ከሰዉ ጋር ተደባለቀች። በብርድ አገር ጓንት ያጠለቀን ሰው ልብ የሚለው የለም።